በባጃጅ የሚሰማው ድምፅ ባለቤት

ማርሴይ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ሐጂ አብዱልባሲጥ ዐብዱረሕማን፤ የአዲስ ዓለም ሰፈር የዕውቀት ማረፊያ ለሆኑት፣ የተጣላ ሁሉ በደጃቸው ለሚታረቅ፣ ለእኔም አማርኛን ሳያዩኝ በሩቅ ላስተማሩኝ አባቴ፤ የአላህ ሰላምና እዝነት በቤትዎ በተቀመጠውም፣ በገባው በወጣውም ላይ ይውረድ።

አያ ሐጂ፣ ይህን በድፍረት የምጽፍልዎ የአጎትዎ የልጅ ልጅ ረውዳ ነኝ። አባቴ በጅዳ ሳለ ከእርስዎ የሚደርሱትን ደብዳቤዎች እያስነበበ ነው ፊደል ያስቆጠረኝ፤ ስለዚህ ቃላቴ ከዕድሜዬ በላይ ያረጁ ቢመስሉዎ ጥፋቱ ከእርስዎ እንጂ ከእኔ አይደለም። እሱ ካረፈ ወዲህ ሳልጽፍ መቆየቴን ይቅር ይበሉኝ።

አሁን የምኖረው በፈረንሳይ አገር ነው፤ ከወደቡ አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ የዘፈን ሸክላ መሸጫ እሠራለሁ። የምንሸጠው ትልልቆቹ መደብሮች የማይፈልጉትን ነው፤ ይበልጡንም ሂፕሆፕ፣ በምት ላይ ግጥም በፍጥነት የሚነገርበትን የወጣቶች ሙዚቃ፤ ከሂፕሆፕም ውስጥ አንደርግራውንድ የሚባለውን። ባለፈው ወር ከጎንደር የመጣች አንዲት እንግዳ በስልኳ አንድ ዘፈን አሰማችኝ። «በባጃጅ ሁሉ ይሰማል፤ የማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም» አለችኝ። ድምፁ የሁለት ወጣቶች ነው፤ ከሥሩ የቆየ ድቤ ይመታል፤ ግጥሙም እንዲህ ይላል፦

ማሳው ተለካ ሰው ሳይጠየቅ፣
ገመድ ዘረጉ ጤፉ ሳይደርቅ፤
የለካው ሰውዬ ሜትሩን ጠቅልሎ፣
ለራሱ ቆረጠ ማዕዘኑን ነጥሎ።

በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ይህን ስሰማ ግን ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ረሳሁት። እነዚህ ልጆች እነማን እንደሆኑ ፈልገው ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

ታዛዥዎ ረውዳ


ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአጎቴ ቤት ለምለም ቅርንጫፍ፣ ባሕር ቢለያት ግንዷን ላልዘነጋች፣ ቃሏን እንደ ጥሩ ሸማኔ ሳታላላ ሳታከርርም ለምትሠራ፣ ለልጄ ለረውዳ፤ የሰላም ባለቤት የሆነው ጌታ ሰላሙን እንደማይደርቅ ምንጭ በደጃፍሽ ያፍስስልሽ፤ አባትሽንም በጀነት ያኑርልን።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን፣ ሰባውን ካለፍሁ ወዲህ ከቁርኣንና ከመንዙማ በቀር ለሌላ ድምፅ ጆሮዬን ላላከራይ ለራሴ የገባሁትን ቃል አስታውሼ፣ የልጅ ነገር ነው ብዬ ወደ ጎን ላኖረው ቃጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን የጻፍሽልኝን ስንኝ ደግሜ ባነበብሁት ጊዜ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በፀዳ በኩል ለቤት መሥሪያ ሲለካ የከረመውን የገበሬ ማሳ እኔም በዐይኔ ያየሁት ነውና፣ ይህን የተናገረ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከአንቺ ወደ እኔ ተሻግሮ ዕረፍት ነሣኝ።

ስለዚህ ከጨርቅ ሱቄ ወጥቼ፣ ከፒያሳ አንዲት ባጃጅ ተሳፈርሁ፤ ነጂውም ያንኑ ዘፈን ከፍቶ አገኘሁት።

«ልጄ፣ ይህን የሚለው ማን ነው?» አልሁት።

«ምነው አያ ሐጂ፣ ላጥፋልዎ?»

«አላልሁም። ማን ነው ነው ያልሁህ።»

«ይኼ ይሰማል እንጂ አይጠየቅም።»

«አንተስ ከየት አገኘኸው?»

«ከሌላ ባጃጅ።»

«እሱስ?»

«ከሌላ።»

«እንዲያ ከሆነ ባጃጅ ወልዶታል በለኛ።»

«ሸጋ ብለዋል፤ አባቱ ግን ቤንዚን ሲወደድበት ጥሎት ጠፋ» አለኝና ስንሳሳቅ መውረጃዬን አለፍነው።

ዘፈኑ ካበቃበት ተመልሶ በጀመረ ጊዜ ግን ሣቄን ተውሁ፤ ምክንያቱም ከግጥሙ ሥር የሚመታው ያ ድቤ፣ በተመታ ቁጥር መጨረሻው ላይ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮ የሚሻክረው ያ ድምፅ፣ ሟቹ ወንድሜ በየመውሊዱ ሲመታው የኖረ፣ ቆዳው በአንድ ወገን ሳስቶ ሳለ የእጁ መዳፍ ያረፈበት ነውና አላስቀይርም ብዬ ያኖርሁት የገዛ ቤቴ ድቤ ነበር።

የልጄን የሒክማን ልጅ፣ በሱቄ ጨርቅ የሚለካልኝን ኢምራንን አስጠራሁት። «ድቤውን ማን መታው?» አልሁት። «እኔ ነኝ አባባ» አለኝ፤ ዐይኑንም አልሰበረም። «ሳታስፈቅደኝ?» «ባስፈቅድዎ ይከለክሉኛል ብዬ።» «ብከለክልህስ?» «እመታው ነበር» አለኝ። እናቱ ከጓዳ ሆና «አንተ ልጅ!» ስትል፣ እኔ በልቤ የወንድሜን አፍ አየሁበት።

በማግሥቱ ባልንጀራውን ይዞት መጣ፤ አንዱዓለም ይባላል፤ በፀዳ ሲያርስ የኖረው፣ ዛሬ ግን ማሳው ለሌሎች ቤት መሥሪያ የተሸነሸነበት የአያ በላቸው ልጅ ነው፤ በአንዲት የኮምፒዩተር ቤት ጽሑፍ እየገለበጠ ይኖራል፤ ዜማውንም የሚያቀናብረው በዚያው ነው። ዘፈኑን በፊቴ ከፈቱልኝ፤ ግማሹን ጆሮዬ አልደረሰበትም። «ምነው እንዲህ ትሮጣላችሁ? የሚያባርራችሁ አለ ወይ?» ብላቸው፣ አንዱዓለም «አለ እንጂ አያ ሐጂ» ብሎ መለሰልኝ።

እንግዲህ የፈለግሻቸው ከማጀቴ ተገኝተዋል። አንቺ የዕቃው ነጋዴ ነሽና አስረጂኝ፤ ይህ አንደርግራውንድ የምትይው ነገር ምንድን ነው? ወሰኑስ የት ላይ ነው? አንዱዓለምስ ኦልተርናቲቭ የሚለው ሌላ ስም የምን ትርፍ ነው? የልጄ ልጅ የያዘው ሙያ ይሁን ዕብደት ሳላውቅ መመረቅም መርገምም አልችልም።

አብዱልባሲጥ


ማርሴይ፣ የካቲት 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጠየቅኳቸው ጥያቄ መልሱን ከገዛ ቤታቸው አውጥተው ለሰጡኝ፣ ለአያ ሐጂ አብዱልባሲጥ፤ አላህ ዕድሜዎን በጤና ያርዝምልኝ።

ደብዳቤዎን በሱቁ ውስጥ ቆሜ አንብቤ አለቀስኩ፤ ባለቤቱ ሰው የሞተብኝ መስሎት ወንበር አመጣልኝ። ዘመዶቼ ናቸው ብዬ ስነግረው ደግሞ እየዋሸሁ መሰለው።

አንደርግራውንድ ምንድን ነው ለሚሉኝ ዜማውን ልገልጽ ስሞክር ይጠፋብኛል፤ መንገዱን ስገልጽላቸው ግን ይገባቸዋል። ከሠሪው አፍ እስከ ሰሚው ጆሮ ባለው መንገድ ላይ ፈቃጅ የለበትም፤ ኩባንያ አይመርጠውም፣ ሬዲዮ አያስተዋውቀውም፣ ዳስ ጥሎ የሚደግስለት ባለጸጋም የለውም። ስለዚህ ማንም ምን እንዲል አያዘውም። ባጃጅ ለባጃጅ ያቀበለው የእርስዎ ልጆች ዘፈን፣ እዚህ ስለዚህ ነገር መጽሐፍ ከሚጽፉት ሰዎች ይልቅ አስረድቶኛል።

ኦልተርናቲቭ የሚባለው ደግሞ የመልኩ ጉዳይ ነው። ሂፕሆፕ ገበያ ከገባ ወዲህ ስለ ወርቅ ሐብልና ስለ መኪና መኩራራት የተለመደ ሆነ፤ ምቱም ከአንድ ሻጭ የተገዛ ይመስላል። ይህን እምቢ ብለው ድምፁን ከራሳቸው ደጅ የሚለቅሙ አሉ። በልጆቹ ዘፈን ውስጥ በየስንኙ መካከል እንደ አለንጋ የሚጮህ ብረታማ ድምፅ አለ። ከየትኛው መሣሪያ እንደሆነ አጥቼው፣ ሸክላ እድሜውን ሲሰበስብ የኖረውን የሱቁን ባለቤት ብጠይቀው እሱም አላወቀው። እባክዎ ይጠይቁልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ መንገድ ዘፈኑ ይቀድማል፣ ሰውየው በኋላ ይመጣል፤ ላይመጣም ይችላል። ስለዚህ እኔም ስማቸውን የትም አልጽፍም። የቀሩትን ዘፈኖቻቸውን ግን ይላኩልኝ፤ ያለ ስም በኢንተርኔት ላይ ላኑራቸው።

ረውዳ


ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ ግንቦት 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለማስተዋል እኅት፣ ለአስተማሪዋ አስተማሪ ለሆነች፣ ለረውዳ፤ የጌታችን በረከት በእጅሽ ሥራና በአንደበትሽ ላይ አይለይ።

የጠየቅሽው ብረታማ ድምፅ፣ አንዱዓለም እንደነገረኝ፣ የቦታ ለኪዎች የብረት ሜትር ተስቦ ሲለቀቅ ወደ ጎጆው የሚመለስበት ነው፤ አባቱ ማሳው ዳር ቆሞ ያን ድምፅ ቀኑን ሙሉ ሲሰማ ውሎ ማታ እህል አልበላም ብሎ ስለነበር፣ ልጁ ከግንበኛ ተውሶ በስልኩ ቀዳው። ይህን ሲነግረኝ እኔ ዕድሜዬን በሜትር ጨርቅ ስለካ የኖርሁት ሰው ድምፁን አንድም ቀን ሰምቼው እንዳላወቅሁ ገባኝ፤ ኦልተርናቲቭ ላልሽውም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልሻም። ዘፈኖቹንም ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልሽ ሰው እጅ ልኬልሻለሁ።

በአንደርግራውንዱ ግን አልተስማማሁልሽም። እኛ የአዲስ ዓለም ነጋዴዎች ከአባቶቻችን እንደተረከብነው፣ በመደርደሪያ ላይ የማይወጣና ለሚያውቅ ደንበኛ ብቻ ከጓዳ የሚወጣ ጨርቅ መኖሩን እናውቃለን፤ ይህን ታህል መንገድሽን ተረድቼዋለሁ፤ ነገር ግን ከጓዳ የወጣውም ቢሆን ሻጩ «ቀለሙ ቢለቅ እኔን በለኝ» ይልበታል እንጂ ባለቤት የሌለው ሆኖ ገዢ እጅ አይገባም። ይልቁንም ነገሩ ወቀሳ በሆነ ጊዜ፣ ሰውን ከኋላው ያለ ስም መናገር ሐሜት ነው፤ ሐሜትም የሞተ ወንድምን ሥጋ እንደ መብላት መሆኑን ልጅ ሳለን ጀምሮ ተምረናል። ፊት ለፊት፣ በስምና በሽማግሌ መካከል የተነገረ ወቀሳ ግን ቂም አያስይዝም፤ ተወቃሹ ይክሳል ወይም ይቅርታ ይጠይቃል፤ ነገሩም በዱዓ ይዘጋል። የልጄ ልጅ ቃሉ እውነት ሆኖ ሳለ ሐሜተኛ ተብሎ እንዲጠየቅ ፈጣሪ ፊት አልተወውም ብዬ ቆረጥሁ።

ስለዚህ ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠራሁ፤ አያ በላቸውንም ከፀዳ አስመጣሁ፤ ያንን ማሳ ለማዘጋጃ ቤቱ የለካውንና ማዕዘኑን ለራሱ አስቀርቷል የሚባለውን አቶ ቢያዝንንም፣ የሱቄ ደንበኛ ነውና፣ በክብር ጋበዝሁት፤ ለክርስቲያን እንግዶቼም በክርስቲያን እጅ የታረደ ለብቻው አሰናዳሁ። ኢምራን ይህን አልፈለገም። «አባባ፣ ይተዉን። ያለ ስም ነው የሚያምርብን» አለኝ። «ስም የሚያስፈራው ሌባን ነው» ብዬ ዝም አሰኘሁት። ከዚያም በጉባኤው መካከል ቆሜ፣ «በየባጃጁ የምትሰሙት ድምፅ ባለቤት አለው፤ ይህ ኢምራን ነው፣ ይህም አንዱዓለም ነው» ብዬ፣ ትውልዳቸውን እስከ ቅድመ አያት ቆጥሬ፣ ስንኞቹን እኔው ራሴ ቀስ አድርጌ ለሁሉ በሚገባ አነበብሁ።

ቢያዝን አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያም፣ «ልጆች ናቸው፤ ልጅ ያላለውን ማን ይላል?» አለና ተነሥቶ የሁለቱንም ግንባር ሳመ። «አባትህንም ድሮ አውቃቸዋለሁ» አለው አንዱዓለምን። አያ በላቸው ከተቀመጠበት፣ «ማሳዬንም ያውቁታል» አለ። ሁሉ ሣቀ፤ ቢያዝንም ሣቀ። ስለ ማዕዘኑ ቦታ እመለከተዋለሁ ብሎ በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገባ፤ ዱዓውም ተደረገ፤ እሱም በእምነቱ አሜን አለ። ስሸኘው የልጆቹን ስም ከነአያታቸው ደግሞ ጠየቀኝ፤ እንዲህ ያለ አክብሮት ከዘመኑ ሰው አልጠበቅሁም ነበርና ደስ ብሎኝ ነገርሁት።

እንግዲህ ለሙያችሁ አዲስ ትርጓሜ አስገብተናልና እዚያ ላሉት ጸሐፊዎች ንገሪልን።

አብዱልባሲጥ


ማርሴይ፣ ሰኔ 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

አያ ሐጂ፤ ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ይዞልኝ የሚመጣው ሰው ነገ ይነሣል።

ያደረጉትን በምን ልብ እንዳደረጉት አውቃለሁ። በሰው ላይ በክፉ የምፈርድ አይደለሁም፤ አቶ ቢያዝንንም አላውቃቸውም። ግን ስም የጠየቁት ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም።

ኢምራንና አንዱዓለም ለጥቂት ጊዜ ከጎንደር ራቅ ቢሉ ምን ይመስልዎታል? እኔ ኢምራንን ወደዚህ ለመጋበዝ ወረቀቱን ጀምሬያለሁ፤ ለአንዱዓለምም እሞክራለሁ። የፓስፖርት ጉዳይ ምን ላይ እንዳለ ይጻፉልኝ። ዘፈኖቹን ያለ ስም አኑሬያቸው ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሰው ከሥሩ «የአዲስ ዓለሙ ኢምራንና የፀዳው አንዱዓለም» ብሎ ጻፈበት። አጠፋሁት። ሌላ ሰው ጻፈው።

ረውዳ


ጎንደር፣ ጥር 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለረውዳ፤ አላህ ከክፉ ነገር ሁሉ ይጋርድሽ።

የዘገየሁት በእጄ ላይ በወጣ ሕመም ነው እንጂ ቤተሰቡ ሁሉ በጤና አለ። ዘንድሮ ዝናቡ አንሶ እህሉ ከሳ፤ ጨርቅ የሚገዛም ጥቂት ነው። ቢያዝን ወደ ሱቁ መምጣቱን ትቷል፤ ስለ ቦታውም የሰማነው ነገር የለም፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። አንዱዓለም ከኮምፒዩተሩ ቤት ስላሰናበቱት ወደ ትክል ድንጋይ፣ ወደ እናቱ ዘመዶች ሄዷል፤ እዚያ ገበያውም እርሻውም አለ። ኢምራን ይለካልኛል። ፓስፖርት ለማውጣት ሄዶ ሌላ ቀን ና ብለውታል።

በጅዳ የአባትሽ ወዳጆች የነበሩ፣ አንድ ወጣት የሚያስጠጉ ሰዎች እንዳሉ ጠይቂልኝ። ሁለት ቢሆኑም አይከፋም። ስልክ ለመደወል ግን አትድከሚ፤ ስለ ዘፈንም በደብዳቤሽ ባትጽፊ እወዳለሁ።

አብዱልባሲጥ


ማርሴይ፣ መጋቢት 27 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአያ ሐጂ አብዱልባሲጥ፤ አላህ የሚያስጨንቅዎን ሁሉ ያቅልልዎ።

በጅዳ ያሉት አንድ ሰው እንቀበላለን ብለዋል፤ አድራሻቸውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሕመምዎ ምን እንደሆነ አልነገሩኝም። የእጅ ጽሑፍዎ ግን እንደ ወትሮው የተቃና ነው።

ስለ ዘፈን አትጻፊ ብለውኛል፤ ይህን አንዴ ልተላለፍ። የሜትሩን ዘፈን ሰዎች ይዘውታል። ቋንቋውን የማያውቁ ወጣቶች ሱቁ ድረስ መጥተው ያ ብረታማ ድምፅ ምንድን ነው ይሉኛል፤ ስነግራቸው እንደገና ክፈችልን ይላሉ። አንድ ሬዲዮ ሊያሰማው ይፈልጋል፤ ስለ ልጆቹም ሊናገር። እኔ ሳስበው፣ ዓለም ስሙን ያወቀውን ሰው በጨለማ መንካት ይከብዳል፤ ዝና ጋሻ ይሆናል። ስማቸው እንደሆነ ወጥቷል። ቢፈቅዱልኝ ልፍቀድላቸው? እምቢ ካሉም አንድ ቃል ይበቃኛል። ባይደርሰኝ እንደ ፈቃድ አልቆጥረውም።

ረውዳ


ማርሴይ፣ መስከረም 15 ቀን 2009 ዓ.ም.

አያ ሐጂ፤ ሰላምዎን እመኛለሁ።

ክረምቱን ሙሉ ጠበቅኩ። በነሐሴ ጎንደር ሱቆች ተዘግተው መክረማቸውን ሰማሁ፤ ኢንተርኔቱም የለም። የሒክማን ስልክ ብደውል የሚያነሣው የለም። ዝምታዎን እንደ ፈቃድ አልቆጥረውም ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከመንገደኞች አንዱ አንዱዓለም ተይዟል ብሎ ስለነገረኝ አልቻልኩም፤ ሬዲዮው አሰማው፣ ስማቸውንም ጠራ። ከዚያ ወዲህ ዘፈኖቹን ሰዎች እየገለበጡ በየራሳቸው ገጽ አኑረዋቸዋል፤ የማላውቃቸው፣ በማላውቀው አገር ያሉ ሰዎች። ከእንግዲህ በእኔ እጅ ብቻ አይደሉም።

መልካም ማድረጌን ይንገሩኝ።

ረውዳ


ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ ኅዳር 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

በባዕድ አገር ሆና ስለ ዘመዶቿ ለማትተኛ፣ ልቧ ከርቀቱ ለሚበልጥ፣ በፍቅሯ ወቀሳ ለማይገኝባት፣ ለልጄ ለረውዳ፤ የታጋሾች ጌታ ትዕግሥትን በአንቺም በእኛም ላይ ያውርድ፤ የተሰወረውን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነውና ጉዳያችንን ለእሱ ሰጥተናል።

ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የመጀመሪያው የደረሰኝ አንዱዓለም በዘፈኑ ሰበብ ከትክል ድንጋይ ገበያ በተያዘ ሰሞን ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃኛል ብለሽኝ ሳለ ያንን አንድ ቃል ያልጻፍሁልሽ፣ ሽማግሌዎቹ እየተመላለሱ ነገሩን በእርቅ እንዘጋዋለን ስላሉኝ፣ እኔም የእነሱን ተስፋ አምኜ፣ ያለቀ ነገር ይዤ ልጽፍልሽ ስለፈለግሁ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ይዘውት የተመለሱት ግን እንዲህ የሚል ነበር፤ ለአንተ ልጅ ስለ አንተ ክብር መንገድ ተገኝቷል፤ ግጥሙ የአንዱዓለም ብቻ እንደሆነ ይፈርምና ይቅርታ ይጠይቅ። ይህን ይዤ ቤት ገባሁ። ኢምራን ጨርቅ እያጠፈ ነበር።

«አባባ፣ ግጥሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«እሱ ምቱን ነው የሠራው።»

«አውቃለሁ አልሁህ።»

«ታዲያ የምፈርመው ምን ብዬ ነው?»

«እናትህን አስባት» አልሁት። ሒክማ ከበሩ ቆማ ነበር። ጨርቁን አጥፎ ጨረሰና በመደርደሪያው ላይ አኖረው፤ «አንዱዓለም ብቻውን ነው» አለኝ፤ ወጥቶም በእግሩ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄደ፤ የሚይዘው እስኪያገኝም ድረስ ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ እየተመራ፣ ቃሉ የእኔ ነው እያለ ሲጠይቅ እንደዋለ ከሰዎች ሰማሁ።

እስከ ሐምሌ ሒክማ ስንቅ ስታመላልስ ሳህኑ ባዶ ይመለስላት ነበር። ከሐምሌ በኋላ፣ ከተማው በታወከበት ሰሞን፣ እዚህ የለም፣ ከእንግዲህ አታምጪ አሏት። የት እንዳለ የሚነግረን አላገኘንም። ሄዳ ከእስር ቤቱ ግንብ ሥር ትቀመጣለች፤ ምግቡንም ለሌሎች ሰጥታ ትመለሳለች።

ባለፈው ሳምንት ግን ከእነሱ ጋር ታስሮ የተፈታ ሰው እኔንና አያ በላቸውን ፈልጎ መጣ። በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰማነው። ሁለቱ ለየብቻቸው ተይዘዋል፤ ዘፈኖቹ በውጭ አገር በተሰሙ ቁጥር እየወጡ ይጠየቃሉ፤ ማን ነው የሚልክላችሁ፣ ሬዲዮው የማን ነው፣ ስንት ናችሁ ይባላሉ። የሚጠይቃቸው ሰው ዘፈን በራሱ እግር ይሄዳል ብሎ አያምንም፤ አንቺ የጻፍሽልኝን፣ በመንገዱ ላይ ፈቃጅ የለበትም ያልሽውን፣ ልጆቹም እየደጋገሙ ነግረውታል፤ እሱ ግን ከኋላው ድርጅት አለ ይላል። መስከረም ላይ ከተጠየቁ በኋላ፣ አለ ሰውየው፣ ከሁለቱ አንዱ መናገር አይችልም፤ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ ግን የለውም። የትኛው እንደሆነ ጠየቅነው። እስረኛ በቁጥር ይጠራል እንጂ በስም አይጠራምና አላውቅም አለን። መልኩን ንገረን አልነው፤ በጨለማ ነው ያየሁት አለን።

ረውዳ ሆይ፣ በላቸውና እኔ ከዚህ በኋላ እስኪመሽ ድረስ አልተያየንም፤ እያንዳንዳችን በልባችን የምንመኘውን ሌላው እንዳያይብን ፈርተን ነበርና። ሲሄድ እጄን ሳመ፤ እኔም እጁን ሳምሁ።

መልካም ማድረጌን ይንገሩኝ ብለሽኛል። በፍቅር ማድረግሽን እነግርሻለሁ፤ ከዚያ አልፌ ለመናገር ለሌላ ሰው ሥራ ፈራጅ ሆኜ የምቀመጥበት ወንበር የለኝም። ዝና ጋሻ ነው ያልሽውም በእናንተ ዘንድ እውነት ይሆናል፤ እንደኛ ባለው አገር ግን በእጅ ያለውን ሰው ለያዘው የበለጠ ውድ ያደርገዋል፤ ውድ ዕቃም ቶሎ አይለቀቅም። የሚፈቱበትን ቀን የሚያውቅ የለም፤ ይፈታሉ የሚለኝም ከሒክማ በቀር አልቀረም፤ እኔም እሷን ሳያት አዎን እላለሁ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ሰው ታማኝ ነው፤ በእሱ እጅ ግን መልስ አትላኪ፤ መንገዱ ተበላሽቷል። ከአንቺ የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘፈኖቹን በሙሉ ከኢንተርኔት ላይ አጥፊ፤ ለራስሽም ቢሆን አንድ ቅጂ አታስቀሪ።